በሩን የሚከፍተው ማን ነው?
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዛሬው አጀንዳችን አምስተኛ ተራ ላይ «በደሴቱ ላይ የንባብ ክፍል ስለ መክፈት» የሚል ነጥብ አለ። ነገሩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጣና ደሴት ላይ የሚኖሩ አባሎቻችን የንባብ ክፍል ይከፈትልን ብለው ጠየቁ። ደጋፊዎቻችን መጽሐፍ በካርቶን ጭነን እንልካለን አሉ። ቀበሌውም ባዶ ክፍል እሰጣለሁ አለ። ክፍል አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ጠያቂ አለ። ታዲያ ምን ቀረ? ኮሚቴው «ወጪውን አጥንተሽ አቅርቢ» ሲለኝ፣ የቀረው ምን እንደሆነ ለማወቅ በሌላ አገር ያሉ ትንንሽ ደሴቶች ቤተ መጻሕፍታቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያቆዩ ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያገኘሁትን ነው። መጨረሻ ላይ ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ ስላለኝ ቡናው እስኪደርስ ታገሡኝ።

ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር

በአሜሪካ፣ ሜይን በምትባለው ግዛት፣ ከባሕሩ ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ማቲኒከስ የምትባል ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ መቶ ያህል ናቸው፤ በብርዱ ወራት ከዚያም ያንሳሉ። ኑሯቸው ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ማጥመድ ነው። የመንግሥት መርከብ የሚደርስላቸው በወር ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ባሕሩ ከተቆጣ እሱም ይቀራል። ከዚያ ሌላ ያላቸው ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ጉም ከወረደ አይነሣም። ልጆቻቸው የሚማሩት አንድ ክፍል ብቻ ባለው ትምህርት ቤት ነው።

የዚህች ደሴት ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሕንፃ አልተሠራለትም። ስምንት ጫማ በአሥር ጫማ የሆነች የዕቃ ማስቀመጫ የእንጨት ቤት ተወሰደችና መደርደሪያ ተገጠመላት። በእኛ መለኪያ ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር መሆኑ ነው፤ የብዙዎቻችን ማድ ቤት ይበልጣታል። በ2020 ሌላ ትንሽ ቤት ተጨመረችና የልጆቹ መጻሕፍት ለብቻቸው ቦታ አገኙ። ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ተዋሹ የወሰደውን መጽሐፍ ስም ደብተር ላይ ራሱ ይጽፋል፤ ሲጨርስ ራሱ ይመልሳል። ሌላ ቁጥጥር የለም።

የሒሳብ ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ የሚታየው የቁጥጥር ጉድለት ነው። ወሳጁም መዝጋቢውም አንድ ሰው! የኛ ኦዲተር ቢያዩት ሦስት ገጽ አስተያየት ይጽፉበታል። ነገር ግን መቶ ሰው በሚኖርበት ቦታ የጠፋ መጽሐፍ ብዙ አይርቅም። የኛስ ዕድር በምን ቆመ? ለቅሶ ቤት የሄደውን ድስትና ወንበር የሚያስመልሰው ከደረሰኙ ይልቅ የጎረቤት ዓይን ነው። ደብተሩ ግን ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። ሰው ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደማይነካ ያሳያል። ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚገዛ የሚናገረው እሱ ነው።

ሌላም አለ። ማቲኒከሶች የሚገዙትን መጽሐፍ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ በልዩ ልዩ ከተሞች አንዳንድ መጻሕፍት ከመደርደሪያ ይነሡ የሚል ክርክር ሲነሣ፣ እነሱ ይነሡ የተባሉትን ፈልገው ገዝተው አስቀመጡ። በምርጫቸው ብንስማማም ባንስማማም፣ በደሴታቸው መደርደሪያ ላይ ምን እንደሚቀመጥ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ካርቶኖቹ ስናወራ እመለስበታለሁ።

ሰው የሚሄደው ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም

በከተማ ኢንተርኔት ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ካፌው የየራሱ በር አለው። ደሴት ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ በር ይገባል። በአሜሪካ ትንንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው የሥራ ማመልከቻ በኮምፒዩተር ይልካል፤ የግብር ቅጽ ይወስዳል፤ በብዙ ቦታ በግብር ወቅት በጎ ፈቃደኞች ተቀምጠው ቅጹን ያስሞሉታል። ለሕፃናት ተረት የሚነበብበት ሰዓት አለ። ከመጽሐፍ ሌላ የእጅ መሣሪያና የስፌት መኪና የሚያውሱም አሉ። በመደርደሪያው ላይ የሌለ መጽሐፍ ከተፈለገ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት ይመጣል። የሜይን ግዛት ቤተ መጻሕፍት በአካባቢያቸው ቤተ መጻሕፍት ለሌላቸው ሰዎች መጽሐፍ በፖስታ የሚልክበት አገልግሎት አለው። ትንሽ ቦታ ትንሽ መደርደሪያ ቢኖራትም ከትልቁ ጋር ከተያያዘች ትልቁን ትጠቀማለች ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው አገልግሎት ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ በቁጥር የማይገባ ነው። ምንም ሳይገዙ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ምክንያት ሳይሰጡ መቀመጥ መቻል ነው። ወንዶቻችን ጠላ ቤት ይቀመጣሉ፣ ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ሴት ግን ከቤት ስትወጣ «ወዴት ነሽ?» ትባላለች። መልሷ ወይ ገበያ፣ ወይ ወፍጮ፣ ወይ ውኃ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ለቅሶ ነው። ደሴት ላይ ደግሞ ሁሉም ሁሉን ስለሚያውቅ ከእነዚህ የወጣ መልስ ወሬ ይሆናል። «ንባብ ክፍል ነኝ» የሚል አንድ መልስ ብንጨምርላትስ? ይህ በገንዘብ ቢተመን ስንት እንደሚሆን አላውቅም፤ ግን ዋጋ እንዳለው እያንዳንዳችን እናውቃለን።

የተቃጠለውና የቆመው

እዚያው ሜይን ውስጥ ስዋንስ አይላንድ የምትባል ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት ሌላ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤተ መጻሕፍቷን መብረቅ መታውና ተቃጠለ። የደሴቲቱ የቆዩ ፎቶግራፎችና የታሪክ ቅርሶችም አብረው ጠፉ። ሰው ተስፋ ይቆርጣል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በ2011 አዲሱን ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። መጽሐፉ ዐመድ ሆኗል፤ ግን ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሲደርስ ወደዚያ መሄድ የለመደ ሕዝብ ነበራቸው። እሳቱ ልማዱን አላቃጠለውም።

የሁለተኛው ታሪክ መጨረሻ ሌላ ነው። በኖርዌይ ምዕራብ ባሕር ዳርቻ ኤፖስ የሚባል የመጻሕፍት መርከብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ፣ ስድስት ሺህ ያህል መጻሕፍት ጭኖ፣ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ወደ 150 የሚሆኑ ትንንሽ መንደሮችንና ደሴቶችን በዓመት ሁለት ጊዜ ይጎበኝ ነበር። ከመጻሕፍት ባለሙያው ጋር ለልጆች ትርዒት የሚያሳዩ ሰዎችም ይሳፈሩበት ነበር። መርከቡ ሲመጣ በመንደሩ በዓል ነው። ይህ አገልግሎት በ2020 ቆመ። መርከቡ አልሰመጠም፤ መጽሐፉም ሞልቷል፤ አንባቢም አልጠፋም። የቆመው የመንግሥቱ ድጎማ ነው። ኖርዌይ ደግሞ ደሃ አገር አይደለችም።

እህቶቼ፣ እነዚህን ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። አንዱ መጽሐፉን በሙሉ አጥቶ ተመለሰ። ሌላው መጽሐፉን በሙሉ ይዞ ቀረ። ለካ ቤተ መጻሕፍትን የሚገድለው የመጽሐፍ ማጣት አይደለም፤ የሚገድለው በየዓመቱ የሚመጣ ገንዘብ ማጣት ነው።

ሦስተኛ ምሳሌ ልጨምር። በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በስተ ሰሜን፣ ሎፔዝ፣ ኦርካስና ሳን ዋን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው የቤተ መጻሕፍት አስተዳደር አላቸው። ገንዘቡ በዋናነት የሚመጣው ነዋሪው በቤቱና በመሬቱ ላይ ከሚከፍለው ግብር ነው። ሕጉ ጣሪያ አስቀምጧል፤ ንብረቱ ከተገመተበት ከእያንዳንዱ አንድ ሺህ ዶላር ላይ ለቤተ መጻሕፍት ከ50 ሳንቲም በላይ አይወሰድም። ትንሽ ነው፣ ግን በየዓመቱ ይመጣል፤ ከሁሉም ይመጣል። ሰው ሁሉ ስለከፈለ ሁሉም ባለቤት ነው፤ ሲገባም በነጻ ነው። ይህ ለኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ዕድር ማለት ይኸው ነው፤ ጥቂት፣ በየወሩ፣ ከሁሉም።

የኛ ደሴቶች መጻሕፍት

ደሴትና መጽሐፍ በኛ አገር ዛሬ የተገናኙ አይደሉም። የጣና ገዳማት ለብዙ መቶ ዓመታት የብራና መጻሕፍት ጠባቂ ሆነው ኖረዋል። ውኃው ከብዙ ጥፋት ጋርዷቸዋል። አባቶች መጽሐፍን እንዴት እንደሚያቆዩ ያውቁ ነበር። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩ ከግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ መሬት አይነካም፤ እርጥበቱም ምስጡም አይጡም እንዲህ በቀላሉ አያገኘውም። መደርደሪያችንን ከወለሉ ከፍ አድርገን፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቀን እንሥራ የምለው ከዚያ በመነሣት ነው። የሐይቅ ዳር እርጥበት ወረቀት ሲያገኝ አይምርም።

ይሁን እንጂ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ባሉት ገዳማት ሴት አትገባም። ይህን የማነሣው ሥርዓቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ገዳም የራሱ ሕግ አለው፣ እኛም እናከብረዋለን። የማነሣው ልብ እንድትሉልኝ ነው። እነዚያ መጻሕፍት የተቀመጡባቸውን ደሴቶች እናቶቻችን ከታንኳ ላይ ሆነው ሲያዩ ኖረዋል። በዚያው ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት አጠገብ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግን ሴት ናቸው፤ እቴጌ ምንትዋብ። ደሴት ላይ የሴት እጅ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም።

የሕዝብ ንባብንም ያለ ትልቅ ሕንፃ ያስጀመሩ ሰዎች አሉን። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ባጡ ጊዜ «ቂሉ ማሞ»ን በሁለት ቋንቋ አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ2005 ደግሞ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት የመጻሕፍት ጋሪ አስጀመሩ። አህያው የሚሄድበት ቀንና ሰዓት ሲታወቅ ልጆቹ ቀድመው ይጠብቃሉ። ኖርዌዮች መርከብ ነበራቸው፣ ሐዋሳ አህያ ነበራት፣ እኛ ጀልባ አለን። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው «መቼ ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ የታወቀ መልስ መኖሩ ነው።

የካርቶን ሒሳብና የሰዓት ሒሳብ

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ።

ደጋፊዎቻችን፣ ልካችሁልን የምታውቁትም ሆነ ልትልኩልን ያሰባችሁት መጽሐፍ ከቅን ልብ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሆኖም በነጻ የተሰጠ መጽሐፍ ደሴቱ እስኪደርስ ነጻ አይደለም። የማጓጓዣ አለው፣ የጉምሩክ ጉዳይ ማስፈጸሚያ አለው፣ እስከ ባሕር ዳር የጭነት መኪና አለው፣ ከዚያ ጀልባ አለው፣ ከጀልባው እስከ ክፍሉ የተሸካሚ አለው። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ካርቶኑ ሲከፈት የሚወጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ስለ በረዶ መንሸራተት የሚያወራ መጽሐፍ ቢሆን፣ ለማን ነው? በዚያው ገንዘብ ከመጻሕፍት መደብር በአማርኛ የተጻፈ ተረት፣ ልብ ወለድ፣ የጤናና የእርሻ መጽሐፍ፣ ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አጋዥ መጽሐፍ መግዛት ይቻላል። ማቲኒከሶች ራሳቸው መረጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የኛም ደሴት እናቶችና ልጆች ዝርዝሩን ራሳቸው ያውጡ።

ሁለተኛው ነጥብ ደመወዝ ነው። ብዙ ደጋፊ መጽሐፍ መስጠት ይወዳል፣ መደርደሪያ መስጠት ይወዳል፤ ላዩ ላይ ስም ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሣል። ደመወዝ ሲባል ግን ፊት ይጠቁራል። «የአስተዳደር ወጪ ነው» ይባላል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደኛ ላለ የተመዘገበ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በሩን ከፍታ፣ መጽሐፉን መዝግባ፣ ለማታነብ የምታነብ ሴት ደመወዝ የአስተዳደር ወጪ አይደለም። ፕሮጀክቱ ማለት እሷ ናት። እሷ ከሌለች ያለን የተቆለፈ መጋዘን ነው።

ሂሳቡን በቀላሉ ላስረዳ። ክፍሉ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ይከፈት። በሳምንት 12 ሰዓት ነው። በዓመት ለበዓላትና ለጥገና ሁለት ሳምንት ትተን 50 ሳምንት ቢከፈት 600 ሰዓት ይሆናል። አሁን ደመወዙን፣ መጽሐፉን፣ የፀሐይ መብራቱን፣ የመደርደሪያውን እርጅና፣ ሁሉንም ደምራችሁ ለ600 አካፍሉት። የምታገኙት አንድ ክፍት ሰዓት ስንት ብር እንደሚያስወጣን ነው። ክፍሉ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ቢከፈት 200 ሰዓት ይሆናል፤ መጽሐፉና መደርደሪያው ግን ያው ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰዓት በጣም ይወደዳል። ለዚህ ነው ከእንግዲህ በሩብ ዓመት ሪፖርታችን «ይህን ያህል መጽሐፍ አለን» ከማለት «ይህን ያህል ሰዓት ከፍተን ይህን ያህል ሰው ገባ» እንድንል የምጠይቀው። የመጀመሪያው ቁጥር በሩ ተዘግቶም አይቀንስም። ሁለተኛው ግን ሥራ ከሌለ ዜሮ ነው፤ አይዋሽም።

ሰዓቱም በጥንቃቄ ይመረጥ። የገበያ ቀን ከሆነ እናቶች ባሕር ዳር ናቸው። ጠዋት ከሆነ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ወዲያው ከሆነ ሴት ልጆች ውኃና እንጨት ላይ ናቸው። የፀሐይ መብራት ያስፈለገንም ለዚህ ነው፤ ሴት ልጅ ጊዜ የምታገኘው ሲመሽ ነው። ሲመሽ ደግሞ ደኅንነት አለ፤ ክፍሉ ከቤቶች መካከል እንጂ ከዳር መሆን የለበትም። ቀበሌው የሰጠንን ክፍል ከመቀበላችን በፊት ይህን አይተን እንወስን።

ሦስተኛው ነጥብ ቅጣት ነው። «መጽሐፍ ያዘገየች ትቀጣ» የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቧል። ብሩ ትንሽ ነው፤ ግን ድሃ እናት ምን እንደምታደርግ አስቡ። ልጇን «አትዋሺ፣ ኋላ ትቀጪኛለሽ» ብላ ታስቀራታለች። ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሲያትል በ2020 መጀመሪያ የማዘግያ ቅጣትን አስቀርተዋል። በቺካጎ ቅጣቱ ከቀረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሰው ቤት የቆዩ መጻሕፍት በብዛት ተመለሱ፤ ሰው አፍሮና ፈርቶ ኖሯል የያዛቸው። ስለዚህ በበጀታችን ላይ ለሚጠፋና ለሚቀደድ መጽሐፍ በየዓመቱ መተኪያ እንያዝ። በልጅ እጅ ያረጀ መጽሐፍ ኪሳራ ተብሎ አይመዘገብም፤ ሥራውን ሠርቶ ያለቀ ነው።

«መጀመሪያ ዳቦ» ለሚሉ እናቶቼ

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉ አንዳንድ እናቶች «ገንዘቡ ለብድር ይጨመር፤ ንባብ ሆድ አይሞላም» ሲሉ ሰምቻለሁ። በቅን የተነሣ ጥያቄ ስለሆነ በቅን ልመልስ።

ቢሮዬ ውስጥ የብድር ውል ይፈረማል። ከደሴቱ የምትመጣ እህት ዓሣዋን ወይ ማንጎዋን ሸጣ ትመጣለች። ውሉን አነብላታለሁ፤ ትሰማለች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርማለች። የምታምነው ወረቀቱን አይደለም፤ እኔን ነው። እስቲ አስቡት፤ አበዳሪው ማኅበር፣ ውሉን ያዘጋጀው ማኅበር፣ ለተበዳሪዋ የሚያነብላትም የማኅበሩ ሠራተኛ። ቅድም ማቲኒከስ ላይ ወሳጁና መዝጋቢው አንድ ነው ብለን ሣቅን። እዚያ ቢጠፋ የሚጠፋው አንድ መጽሐፍ ነው። እዚህ ግን ቁጥሩ ቢሳሳት ወይም ነገ በእኔ ወንበር ላይ ክፉ ሰው ቢቀመጥ የሚጠፋው የአንዲት እናት የዓመት ልፋት ነው። ይህ በማኅበራችን ውስጥ ያለ ትልቁ የቁጥጥር ክፍተት ነው፤ የሚደፈነውም በኦዲተር አይደለም። የሚደፈነው እሷ ራሷ ወይም ልጇ የቁጠባ ደብተሯን ገልጣ «ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» ስትል ነው።

የንባብ ክፍሉ ይህን በአንድ ዓመት ያመጣል አልልም። ፊደል የማታውቅ እናት መደርደሪያ ስላየች አታነብም። ግን በሳምንት አንድ ቀን ጮክ ብሎ የሚነበብበት ሰዓት ቢኖር፣ ቡና ተፈልቶ አንዷ ብታነብ ሌሎቹ ፈትል እየፈተሉ ቢሰሙ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለትምህርት የምትይዘውን ወረቀት እዚያ ይዛ ብትመጣ፣ ያልገባ ደብዳቤ ይዛ የምትመጣ እናት የምታነብላት ብታገኝ፣ ዕቁባቸውን እዚያው ቢጥሉ፣ ክፍሉ የእነሱ ይሆናል። የእነሱ የሆነ ነገር ደግሞ እኛ ብንደክም እንኳ አይዘጋም። የስዋንስ አይላንድ ሰዎች ከዐመድ የተነሡት በዚህ ነው።

ለድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ

እንግዲህ ጉባኤው እንዲወስን የማቀርበው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ የሦስት ዓመት ደመወዝ ሳይረጋገጥ ክፍሉ አይመረቅ። ገንዘቡ በባንክ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከብድር ገንዘባችን ጋር አይቀላቀል።

ሁለተኛ፣ በሩን የምትከፍተው የደሴቱ ነዋሪ የሆነች ሴት ትሁን። ከከተማ የሚላክ ሠራተኛ ጀልባ በቀረ ቁጥር ይቀራል። እሷ ስትታመም የምትተካትም አብራ ትሠልጥን።

ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን በካርቶን ፋንታ ሰዓት እንዲሰጡን እንጠይቅ። አንድ ደጋፊ 50 ሰዓት፣ ሌላው 100 ሰዓት ሊሸፍን ይችላል። በየሩብ ዓመቱ የሰጡት ሰዓት ክፍት ሆኖ ስንት ሰው እንደገባ ከነመዝገቡ እንልክላቸዋለን። መጽሐፍ መስጠት የሚፈልግም የደሴቱ ሰዎች ካወጡት ዝርዝር ይግዛልን።

አራተኛ፣ የደሴቱ አባላት በየወሩ አቅማቸው የፈቀደውን ጥቂት ያዋጡ። ገንዘቡ ለሻማና ለሳሙና ቢበቃም ይበቃል። የከፈለች ሴት በሩ ተዘግቶ ብታገኘው «ለምን ተዘጋ?» ብላ የመጠየቅ መብት አላት፤ የምንፈልገውም ያንን ጥያቄ ነው።

አምስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ የክፍት ሰዓት ቁጥሩ ከ600 በታች ከሆነ ምክንያቱ ለዚህ ጉባኤ ይቅረብ። ቁጥሩን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ የምትጠይቁትም እኔን ነው።

ይህ ሐሳብ ካለፈ ምርቃቱ በዚህ ዓመት ላይደርስ ይችላል። ፎቶውም ይዘገያል። ለደሴቱ እህቶቻችን የምነግራቸው ግን በሩ አንዴ ከተከፈተ በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት እንደሚከፈት ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ የበጀቱ ዝርዝር በእጃችሁ ባለው ወረቀት በሁለተኛው ገጽ ላይ አለ። ማንበብ ለምትቸገሩ እናቶቼ፣ አጠገባችሁ ያለችው እህት ታንብብላችሁ፤ ከዚያም ደግማ ታንብብላችሁ።